የወረቀት እጅ

መስከረም 24

ወንድም ጋሼ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬ ደህና ናት፤ ቼሎውም ደህና ነው። ሰላምታው በዚህ ይብቃንና ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አልደረሰም። የምትጽፍልኝ ሙዚቃ አራተኛ ገጽ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት ሦስቴ ተመላልሻለሁ፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሴትዮ አሁን አሁን ገና ከበር ስገባ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። ሦስት ገጽ ልኮ መጨረሻውን ማስቀረት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

እማዬ «እናንተ በስልክ ስታወሩ ጎረቤት ሊገላግል ይመጣል፤ ተጻጻፉ» ብላ ከፈረደችብን ወዲህ ቁጣዬ አንተ ጋ ለመድረስ ስምንት ቀን ይፈጅበታል። አንተ ስትቀበለው በርዷል። እዚህ ግን ትኩስ ነው።

ኮንሰርቱ ጥር 7 ነው፤ አይለወጥም። ቦታው የቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ነው። መቶ ሃያ ወንበር አለው፤ መቶ ሃያውም ሲጢጥ ይላል። መድረኩ ላይ ጉልበቶቼ መሃል ከማቆመው ቼሎዬ በቀር ማንም የለም። ሁለት አሮጌ፣ ሁለት አዲስ ነው የማቀርበው። ሽማግሌው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለብቸኛ ቼሎ ከጻፋቸው ባለ ስድስት ዜማ ስዊቶች አንዱ መክፈቻ፣ አንዱ መዝጊያ ይሆናል፤ መሃል ላይ አብራኝ የተማረችው ልጅ የጻፈችው አዲስ ሥራና ያንተ ይገባሉ። የአዳራሹ ኃላፊ ትናንት ጠርቶኝ «አዲሶቹን ትንሽ ብናሳጥራቸውስ? ሰው የሚመጣው ለአሮጌዎቹ ነው፤ አዲሱን እንደ ኪኒን ነው የሚውጠው» አለኝ። «አንዱን ጸሐፊው ራሱ አሳጥሮታል፤ መጨረሻ የለውም» አልኩት።

ዓመት ሙሉ ለምን መድረክ ላይ እንዳልወጣሁ ደግመህ ጠይቀሃል። ማስተማሩ በዝቶብኝ ነው አልኩህ እኮ።

ሌላው፣ ሦስተኛው ገጽ አምስተኛው መስመር ላይ ያለው ረጅሙ ኖታ እጄ ላይ አልቀመጥ ብሏል። እስቲ እየው።

እህትህ


ጥቅምት 4

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ? ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ጥፋት የለበትም፤ ሰሞኑን የአንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ ስቃኝ ሁለት ቀን ጎንበስ ብዬ ዋልኩ። ከፒያኖው ሆድ አሥራ አንድ እርሳስ፣ አንድ ማበጠሪያና የተነከሰ ማስመሪያ አወጣሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። «በይቅርታ ኮንሰርት አይከፈትም» እንደምትዪም አውቃለሁ፤ ለእሱም ይቅርታ።

አራተኛው ገጽ ይመጣል። ስድስቴ ጽፌ ስድስቴ አጥፍቼዋለሁ። «ላጲስ» ብለሽ ባወጣሽልኝ ስም እዚህ ማንም ሳይነግራቸው የሥራ ባልደረቦቼም ሊጠሩኝ ጀምረዋል።

አምስተኛው መስመር ያልሽው ግን አልገባኝም። ለክቼዋለሁ እኮ። በሃያ ዓመትሽ ከቤት ልትወጪ ስትይ ግራ እጅሽን መጠቅለያ ወረቀት ላይ አስዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ የሳልኩት ትዝ ይልሻል? «እያሳከክኸኝ ነው» እያልሽ ስትስቂ አመልካች ጣትሽ ላይ መስመሩ ትንሽ ወልገድ ብሏል። ያ ወረቀት ዛሬም ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። አንዲት ኖታ ከመጻፌ በፊት በማስመሪያ እሱ ላይ እለካለሁ። ቼሎ አልጫወትም፤ የማውቀው እጅ ያንቺን ብቻ ነው። ከአመልካች ጣትሽ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣትሽ ጫፍ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ኖታው የሚፈልገው አሥራ አምስት ነው። ይደርሳል፤ ይተርፍሻል እንኳን።

ውላችንን ደግሞ አትርሺ። የዛሬ ሰባት ዓመት ያ ቼሊስት ሥራዬን ሲጫወት ስምንት መስመር ሳይነግረኝ ዘለለ። ሰው ሲያጨበጭብለት ተነስቼ ከአዳራሹ ወጣሁ፤ ለማንም ላልጽፍም ማልኩ። መሐላዬን ያፈረስኩት ላንቺ ነው፤ «አንዲት ኖታ አልነካብህም» ስላልሽኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ወንድም ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ተናድጄ ብሰጥህም አይጥምህም።

እንግዲያውስ ቼሎውን ለወረቀቱ ስጠውና እሱ ይጫወትልህ! ወረቀት አያልበውም። ወረቀት ጠዋት ስምንት ተማሪ አስተምሮ፣ አንድ ዓይነት ስህተት ስምንት ጊዜ ሰምቶ፣ ከሰዓት በኋላ የራሱን ልምምድ አይጀምርም። ሰው እህቱን በደብዳቤ ይጠይቃል እንጂ በማስመሪያ ይለካል?

በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ «በየትኛው ጣት ነው የምትይዢው?» ብለህ በእርሳስ ለጠየቅኸኝ ይኸው መልሴ። አመልካች ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ ነው የማቆማት። ትንሿ ጣት ከጎኑ ባለው ክር ላይ ተዘርግታ አራት ምት ሙሉ መያዝ አለባት። ቦታው ከቼሎው አንገት ጫፍ ስለሆነ ርቀቱ ሰፊ ነው። አውራ ጣቴን ሞከርኩ፤ አይሆንም። ወንበር ቀየርኩ፤ አይሆንም። የጎን ጎረቤቴ ግድግዳውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብልኛል፤ ያችን አንድ ቦታ መቶ ጊዜ መስማት ሰለቸው። እኔም ሰልችቶኛል፤ ግን የምደበድበው ግድግዳ የለኝም።

ሽማግሌውን አመስግንልኝ። የእሱን ኖታ በፈለግሁት ጣት ብይዝ፣ ብፈጥን፣ ብዘገይ ምንም አይለኝም። ሞቷላ! የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ ውል አስታውሺም አይልም። አዲስ ሥራ መጫወት ችግሩ ይሄ ነው፤ ባለቤቱ በሕይወት አለ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ልለምንህ። ያችን ኖታ ግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ አድርግልኝ። ማንም አያውቅም።

እህትህ


ጥቅምት 25

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ባይጥምሽም ይድረስሽ። አራተኛው ገጽ ይኸው። ሰባተኛው ሙከራ ነው፤ ከዚህ በላይ ባጠፋው ወረቀቱ ይቀደዳል።

«ማንም አያውቅም» አልሽ። እኔ አውቃለሁ። ሦስቱም ገጾች የተጻፉት እዚያች ኖታ ላይ ለመውጣት ነው። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካለች ዜማው አንገቱን ይደፋል። እኔ አንገት የሚደፋ ነገር አልጻፍኩም፤ ሰባት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። ስለዚህ አይሆንም። አዝናለሁ፤ አይሆንም።

ሳትቆጪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልምምድ ቀንሰሽ ይሆን? ልጅ ሆነሽ «ክብሪት» ስልሽ በከንቱ አልነበረም። አንድ መስመር አልሆን ሲልሽ ምሳሽን ትተሽ የምትታገይ ልጅ ነበርሽ። አሁን «ዝቅ አድርግልኝ» ስትዪ ሌላ ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ወንድም ጋሼ፣

አራተኛው ገጽ ደረሰኝ። ቆንጆ ነው። ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው፤ ግን ቆንጆ ነው።

ልምምድ አልቀነስኩም።

ከዚህ ጋር ያለውን የግራ እጄን ስዕል ትናንት እማዬ ናት የሳለችልኝ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ እዚህም እዚያም ቢወላገድ አትፍረድባት። ትንሿ ጣት ላይ ግን አልተሳሳተችም፤ እንደዚያው ናት። ማስመሪያህን አውጣና ለካው።

እህትህ


ኅዳር 15

እህቴ፣

ሦስቴ ለካሁት። አሥራ ሦስት ተኩል ነው።

መጀመሪያ የእማዬ እጅ ነው የሳተው አልኩ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቤ የመሥሪያ ክፍሌ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው፤ ብርሃኑ አንዱን በአንዱ ውስጥ አሳየኝ። አራቱ ጣቶች ልክ ይገጥማሉ። ትንሿ ብቻ መሃል መገጣጠሚያዋ ላይ ታጥፋ ቀርታለች።

መቼ ነው? ምን አገኘሽ? ለእማዬ ነግረሻታል ማለት ነው፤ ለአዳራሹ ኃላፊም ነግረሽው ይሆናል፤ ለመጥረጊያው ጎረቤትሽም ሳይቀር። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። የዚህ ቤት ታላቅ ልጅ እኔ ነበርኩ መሰለኝ!

«ልምምድ ቀንሰሽ ይሆን» ያልኩበትን ደብዳቤ ከፖስታ ሳጥኑ መልሼ ባወጣው ምናለ። አፍሬያለሁ። ተናድጄብሽማለሁ። አንዱ ሌላውን አላበረደልኝም።

ጻፊልኝ፤ ሁሉንም።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ወንድም ጋሼ፣

ሁሉንም ካልክ ይኸውልህ፤ ረጅም አይደለም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዓመት ይሞላዋል። የትምህርት ቤቱን የልምምድ ክፍል በር ታውቀዋለህ፤ ድምፅ እንዳያስወጣ ተብሎ እንደ ካዝና በር የከበደውን። መስኮት ተከፍቶ ነበር፤ ነፋስ መታው። ቼሎውን ላድን እጄን ሰደድኩ፤ በሩ ትንሿ ጣቴ ላይ ተዘጋ። ቼሎው ምንም አልሆነም። ሰው ላይ ብናደድ ይቀለኝ ነበር፤ በር ላይ እንዴት ይናደዳል?

ሐኪሙ ጣቴን ሁለት ጊዜ አሰራት። «ትዘረጋለች፤ ግን እንደ ድሮው አትጠብቂ» አለኝ። እሱ ይሄን ሲለኝ ስልኩን እያየ ነበር። የሽማግሌውን ስዊቶች እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ተማርኳቸው፤ በሦስት ጣትና በእልህ። ትንሿ አንዳንዴ ታግዘኛለች፣ አንዳንዴ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላ ታያለች።

ለምን አልነገርሽኝም ላልከው፦ ፋሻው በወጣልኝ ሳምንት ነው «መጻፍ ጀመርኩ» የሚለው ደብዳቤህ የመጣው። ከሰባት ዓመት በኋላ! እማዬ ጮክ ብላ ሁለቴ አስነበበችኝ። ብነግርህ እርሳሱን እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። እስክትጨርስ ጣቷ ትድናለች አልኩ። አንተ ስትዘገይ ስጮህብህ ከረምኩ፤ እውነቱን ልንገርህና በዘገየህ ቁጥር ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ሲመጣ ግን ያንን መስመር አየሁትና ገደል መግባቴን አወቅሁ።

እማዬን አትቆጣት። ያስማልኳት እኔ ነኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 5

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ፒያኖ ሥር ተኝቼ ነው ያነበብኩት። ሰው ፔዳሉን የምጠግን መስሎት አልረበሸኝም፤ ጥሩ መደበቂያ ነው።

እንኳን እጅሽ ሳይቆረጥ ተረፈልኝ። በሩን አንድ ቀን መጥቼ እነቅለዋለሁ። እማዬን አልቆጣትም፤ ጉልበቷን ጠይቂልኝ።

አዲስ ሦስተኛ ገጽ ልኬልሻለሁ። ለአሥራ ሦስት ተኩል የተጻፈ ነው። ሌላው ቀርቶ ትንሿ ጣት እዚህ ገጽ ላይ ፈጽሞ አትፈለግም፤ አሳርፊያት። ረጅሙን ኖታ አውጥቼዋለሁ። ይፈሳል፤ ያለ ችግር ትጫወቺዋለሽ። አሮጌውን ገጽ ቅደጂው።

ለኮንሰርቱ ስለ መምጣቴ፣ ሥራውን ላስተካክልና እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ወንድም ጋሼ፣

ገጽህን መልሼልሃለሁ። እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልህ። አልቀደድኩትም፤ ጨዋ ነኝ።

አንድ ጊዜ ተጫወትኩት። ይፈሳል፤ እንዳልከው። ለበሽተኛ የተቀቀለ ምግብ ነው፤ ጨው የለው፣ አጥንት የለው። አንተ እኮ ለሰው አዝነህ ኖታ አትጽፍም ነበር! ያ ቼሊስት ስምንት መስመር ሲዘልብህ ሰባት ዓመት አኮረፍክ፤ አሁን ራስህ ገጽ ሙሉ ዘለልክልኝ። ልዩነት የላችሁም፤ እሱ አላስፈቀደህም፤ አንተም አላስፈቀድከኝም።

ጣቴን አሳርፊያት አልከኝ። አልሞተችም። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ እዘረጋታለሁ፤ እሰድባታለሁ፤ ትሰማኛለች። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ደርሳለች። ከስንት ስንት እንደሆነ አትጠይቀኝ።

የመጀመሪያውን ነው የምጫወተው። ባይሆንልኝም እሱኑ ነው የምስተው።

የአዳራሹ ኃላፊ የፕሮግራሙን ወረቀት አሳትሟል። ሽማግሌውን በትልቁ ጽፎ አንተን ወረቀቱ እጥፋት ላይ አስቀመጠህ፤ ሲታጠፍ ስምህ ይሰበራል። ተጣልቼዋለሁ። ሦስተኛ ረድፍ፣ ዳር ላይ ወንበር ይዤልሃለሁ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? በአንድ ቃል መልስ።

እህትህ


ጥር 10

እህቴ፣

አንድ ቃል ጠይቀሽኝ አንዲትም አልላክሁም። ለምን ቀረህ ማለትሽ አይቀርም፤ መልሱ ቀላል አይደለም። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ አይተሽዋል። ግን አልቀረሁም።

ደረጃው ላይ ነበርኩ። ከአዳራሹ በርና ከእሳት ማጥፊያው መሃል ቆሜ። አውቶቡስ ላይ ሙሉ ቀን ስመጣ እገባለሁ እያልኩ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ያ የዛሬ ሰባት ዓመቱ ቀን መጣብኝ። ኖታዋ ባትደርስ፣ እግሬ ራሱ ተነስቶ ቢወጣስ? በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ። ባንቺ ላይ ባደርገው መመለሻ የለኝም። አጃቢ የሌላት እህቴን ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተነስቼ ከማሳያት ደረጃ ላይ መቅረት መረጥኩ። ፈሪ ነኝ።

የመጀመሪያው ስዊት ሲያልቅ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ወጣ፤ ኃላፊው ይመስለኛል። «ይግቡ እንጂ ጋሼ፣» አለኝ፤ «ሁለቱ አዲሶች ቶሎ ያልቃሉ፤ ከዚያ አሮጌው ይመጣል።» «አዲሱን ልሰማ ነው የመጣሁት» አልኩት። ትንሽ አየኝና ወንበር አምጥቶ በሩ ጋ አስቀመጠልኝ። የታመምኩ መስሎታል።

ያችን ቦታ ሰማኋት። አልደረሰችም። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ ቀረች። አንቺ ግን አለቀቅሻትም፤ አራት ምት ሙሉ ያዝሻት። በዚያ ወፍራም በር በኩል ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አንገቱን ይደፋል ያልኩት ዜማ አልደፋም። እግሬም አልተነሳም። አራተኛው ገጽ ሲያልቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ሳያንጫጫ ቁጭ አለ። ጭብጨባው ሳይጀመር ወረድኩ፤ ዓይንሽን የማይበት ፊት አልነበረኝም።

እዚህ እንደገባሁ ዋናውን ኖታ አወጣሁና ሦስተኛው ገጽ አምስተኛው መስመር ላይ የኔን አጥፍቼ ያንቺን ጻፍኩበት፤ በቀለም። ከእንግዲህ ትክክሉ እሱ ነው። ማንም ቢጫወተው ያንቺን ነው የሚጫወተው። ሌላ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም።

ወንድምሽ


ጥር 20

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። አንደኛውን አለቀስኩ። ሁለተኛውንም አለቀስኩ። ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈላ።

መልሰው።

አውቃለሁ፤ «ዝቅ አድርግልኝ» ብዬ የለመንኩህ እኔው ነኝ። ያኔ ጣቴን ደብቄ ነው የለመንኩህ፤ የሚለምነው ፍርሃቴ ነበር። አንተ እምቢ አልክ፤ ስሰድብህ ከረምኩ። ዛሬ ደግሞ እሺ ስላልክ ልሰድብህ ነው፤ እኔን ማስደሰት ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው፤ ቻለው።

ያን ዕለት አልደረስኩም። መቶ ሃያ ሰው ፊት ሳትኩት። ኃላፊው «አዲሶቹም ክፉ አልነበሩም» ብሎ ጨበጠኝ፤ እሱ ምን ያውቃል። እኔ አውቄያለሁ። አንተም በር ላይ ቆመህ አውቀሃል። ስህተቴን ሰምተህ አልወጣህም፤ ይሄ ይበቃኝ ነበር። ማን ወደ ትክክል ለውጥልኝ አለህ?

ስማኝ። ዓመት ሙሉ ሁሉም ነገር ለዚህች ጣት ዝቅ ሲልላት ነው የከረመው። ሐኪሙ ተስፋውን ዝቅ አደረገ። ትምህርት ቤቱ ጀማሪዎቹን ብቻ ሰጠኝ። እማዬ የጠርሙስ ክዳን ሳይቀር ከእጄ ነጥቃ ትከፍትልኛለች። ዝቅ ያላለልኝ አንድ ነገር ቢኖር ያንተ ኖታ ነበረች። ጠዋት ከአልጋ የምነሳው እሷን ለመራገም ነበር። አሁን አንተ ስታርማት እኔ ትክክል ሆንኩ፤ ጣቴን ወዴት እንደምዘረጋ ግን ጠፋኝ።

መጋቢት 12 እንደገና እጫወተዋለሁ፤ እዚያው አዳራሽ፣ ከሌላ የሽማግሌው ስዊት ጋር። ላይሆን ይችላል። ካልሆነ ደግሞ ሌላ ቀን። መጥተህ ውስጥ ትቀመጣለህ። ብስት አንገትህን ነቅንቅ፣ ተነስተህ ውጣ፣ ብትፈልግ በሩን ድርግም አድርገው።

ብቻ ኖታዬን መልስልኝ።

እህትህ